«ሪስፔክታብል» የሚባለው ማን ነው?



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ቃሉ «ሪስፔክታብል» ይባላል። ለአንድ ቃል ይህን ያህል ሰዓት ምን ያደርግለታል የምትሉ ትኖራላችሁ። ነገር ግን በዚህ ቃል ሰው ጡረታ አግኝቶበታል፣ ተከልክሎበታልም፤ የመምረጥ መብት ተሰጥቶበታል፣ ተነፍጎበታልም፤ ተገድሎ እንኳ ሐዘኑ ተመዝኖበታል። ስለዚህ ሰዓቱ ይገባዋል ባይ ነኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ከአጠቃቀሙ ልነሣ። በየመድረኩ በእንግሊዝኛ ንግግር ማድረግ ግድ ሲሆንብን «የተከበራችሁ እንግዶች» የምንለውን በልባችን ይዘን «ሪስፔክታብል ጌስትስ» ብለን እንጀምራለን። አሳባችን መልካም ነው፤ ቃሉ ግን አሳባችንን አያደርስልንም። በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ሰው ይህን ሲሰማ «ስማችሁ ያልጎደፈ፣ ከመንደር ሐሜት የራቃችሁ እንግዶች ሆይ» የተባለ ያህል ግር ይለዋል። ክብር የሚሰጠው ሰው «ሪስፔክትፉል» ነው፤ ክብር ያገኘው ሰው «ሪስፔክትድ» ነው። «ሪስፔክታብል» የሚባለው ደግሞ ቢያከብሩት የማያሳፍር፣ ከነውር የጸዳ፣ ልብሱም አነጋገሩም ቤቱም ወግ የያዘ ሰው ነው። ሦስቱ ከአንድ ግንድ ቢወጡም ቅርንጫፋቸው ለየቅል ነው።

ቃሉ ለነገር ሲነገር ደግሞ ጭራሽ ዝቅ ይላል። «ሪስፔክታብል ደመወዝ» ሲሉ ደህና ደመወዝ ማለታቸው ነው፤ የሚያኮራ አይደለም፣ የሚያሸማቅቅም አይደለም። አራት ለባዶ ሲመራ የቆየ ቡድን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሁለት ጎል ቢያስገባ፣ የእንግሊዝ ስፖርት ጸሐፊ ውጤቱ «ሪስፔክታቢሊቲ» አገኘ ይላል፤ ሽንፈቱ ሽንፈት ነው፣ ብቻ ዓይን አያስጨፍንም። ስለዚህ ለተማሪያችሁ የድጋፍ ደብዳቤ ስትጽፉ «ሪስፔክታብል ተመራማሪ» አትበሉ። እኛ ልናሞግስ ስንነሣ፣ የተቀበለው ሰው «ምንም አይል» ብሎ ያነበዋል። ወጣቱ የትምህርት ዕድሉን ቢያጣ አንዱ ሰበብ ያ ቃል ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ሥሩ ልግባ። የቃሉ አባት ላቲን ነው፤ ትርጉሙም ዞሮ ማየት፣ መለስ ብሎ መመልከት። አንድ ሰው ሲያልፍ አንገታችንን አዙረን ካየነው፣ ልብ ልንለው የሚገባ ሰው ነው ማለት ነው። በዚህ ሥር ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ፤ የሚታየውና የሚያየው። ክብሩ ያለው በታዪው ይሁን በተመልካቹ ዓይን፣ ቃሉ እስከ ዛሬ ለይቶ አልተናገረም። እኛ ይህን ነገር አናጣውም። «ሰው ምን ይለኛል» የምንለው፣ ይሉኝታ ብለን የሰየምነው ነገር የተመልካቹ ዓይን ነው። እንግሊዞች ይሉኝታ የሚለውን በአንድ ቃል አይጠሩትም፤ «ሪስፔክታብል» ብለው ሰውን በሚመዝኑበት ጊዜ ግን ሚዛኑን የያዘው ይሉኝታ ነው።

ቃሉ በአሥራ ስድስተኛው ምዕተ ዓመት ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ቀና ቃል ነበር፤ ክብር የሚገባው ማለት ነበር፣ በቃ። በአሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ላይ ግን ወደ ኑሮ ደረጃ ማዘንበል ጀመረ። ነጋዴው፣ ባለ ሱቁ፣ የሕግ ጸሐፊው እየበዛ ሄደ። እነዚህ ሰዎች ርስት የላቸውም፣ ከመኳንንት አልተወለዱም፤ ነገር ግን ከጭሰኛውና ከቀን ሠራተኛው ጋር መቆጠርን አይወዱም። «ጄንትልማን» የሚለው ስም የዘር ሐረግ ይጠይቅ ነበር። «ሪስፔክታብል» ግን ዘር አይጠይቅም፤ ዕዳን መክፈልን፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሳምን፣ ንጹሕ ሸሚዝን ይጠይቃል። ለእነሱ የተሰፋ ልብስ ነበር።

ከዚህ በኋላ ቃሉ ዕቃን መቁጠር ጀመረ። በ1823 ጥቅምት ወር ዊልያም ዊር የሚባል ቁማርተኛ ከለንደን ወጣ ብላ በምትገኘው ራድሌት አጠገብ ተገደለ። ገዳዩ ጆን ተርቴል በ1824 ጥር ላይ ሃርትፈርድ ከተማ ተፈርዶበት ተሰቀለ። ወሬው አገሩን ሁሉ አጥለቀለቀው። በዚያን ጊዜ ከችሎቱ የተሰማ ነው ተብሎ የተሠራጨ አንድ ምልልስ አለ። ምስክሩ ስለ አንዱ ሰው ሲጠየቅ «ሪስፔክታብል ሰው ነበር» ይላል። «ሪስፔክታብል ስትል ምን ማለትህ ነው?» ሲሉት «ጊግ ነበረው» አለ ይባላል። ጊግ በአንድ ፈረስ የምትጎተት ባለ ሁለት ጎማ ሠረገላ ናት። ጸሐፊው ቶማስ ካርላይል ይህችን መልስ ጨብጦ አልለቀቃትም። የሰውን ልጅ ዋጋ በሠረገላ የሚለካውን ትውልድ ለመውቀስ ከዚያችው ጊግ አዲስ ቃል ፈጠረ። እኔ ካርላይልን በብዙ ነገር አልከተለውም፤ ስለ ጥቁር ሕዝብ የጻፈው የሚያሳፍር ነው። በዚች ነገር ግን ዓይኑ አልሳተም። ምስክሩ ስለ ሰውየው ጠባይ ተጠይቆ የመለሰው ስለ ንብረቱ ነው፤ ያውም ሳያፍር፣ ሁሉም ይገባዋል ብሎ።

እንዲህ ስል ቃሉ የባለ ጸጎች መጫወቻ ብቻ እንደነበረ አድርጋችሁ እንዳትወስዱብኝ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። በዐሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት እንግሊዝ ይህን ቃል ከማንም በላይ አጥብቆ የያዘው ድኻው ነበር። ለምን ቢባል፣ ከድኻው ወለል በታች ሌላ ወለል ስለነበረ ነው። በ1834 የወጣው የድኾች ሕግ የተቸገረ ሰው እርዳታ ቢፈልግ «ወርክሐውስ» ወደሚባለው መጠጊያ እንዲገባ ለማስገደድ የታሰበ ነበር። እዚያ ባልና ሚስት ይለያያሉ፣ ልጆች ለብቻ ይቀመጣሉ፣ የቤቱ መለዮ ይለበሳል። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1832፣ ወጥቶ የነበረው ሌላ ሕግ ደግሞ ዘመድ ያልጠየቀውን ሬሳ ለሐኪሞች መማሪያ አሳልፎ እንዲሰጥ ለእነዚህ ቤቶች ፈቅዶላቸዋል። እንግዲህ አስቡት። በልተው ያላደሩ ሰዎች በየሳምንቱ አንድ ፔኒ ለቀብር መድን የሚከፍሉት፣ አሮጊቶች ለመገነዣቸው የሚሆን ገንዘብ ፍራሻቸው ውስጥ የሚሰፉት ለዚህ ነበር። በየመንደሩ የመረዳጃ ማኅበር አቋቋሙ፤ የእኛን እድር ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ማብራሪያ አያሻውም። በሕዝብ ወጪ መቀበር ከሞት የከፋ ነበር። «ሪስፔክታብል ቀብር» ስትል አንዲት የማንቸስተር ሸማኔ ሚስት ሰውን ለማስቀናት አልነበረም፤ የባሏ ሥጋ እንዳይቆራረጥ ነበር።

በሰሜን እንግሊዝ የጥጥ ፋብሪካ ከተሞች፣ በሳልፎርድ፣ በአሽተን፣ በኦልደም፣ ይህ ነገር በየደጃፉ ይታይ ነበር። ቤቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው በረድፍ የተሠሩ ናቸው፤ በሩ ሲከፈት መንገድ ላይ ነው። በመካከሉ አንድ የድንጋይ ደረጃ አለች። የቤቱ እመቤት ማለዳ ተነሥታ ባልዲዋን ይዛ፣ ከጉልበቷ ሥር ጆንያ አንጥፋ ትንበረከካለች። ደረጃዋን በውኃና በብሩሽ ትፈትጋለች። ከዚያ «ዶንኪ ስቶን» የምትባል እንደ ሳሙና የተጨመቀች የድንጋይ ዱቄት ታነሣለች፤ ነጭ አለች፣ ዳለቻ አለች፣ ቡናማ አለች። የደረጃዋን ጠርዝ በርጥቡ አሽታ ቀጥ ያለ መሥመር ታወጣለች፤ በእርጥብ ጨርቅ ታስተካክለዋለች። ድንጋዩ ሲደርቅ መልኩ ይወጣል። ልጆቿ ያን ጠርዝ ላለመርገጥ ተራምደው ይገባሉ። ድንጋዩን የምታገኘው ከልዋጭ ነጋዴው ነው፤ አሮጌ ጨርቅ ሰጥታ። ሰማዩ የፋብሪካ ጥቀርሻ ስለሚያዘንብ እስከ ማታ ደረጃው ይጠቁራል፤ ነገ ደግሞ እንደ አዲስ ትጀምራለች።

ለእኔ ይህ ሥራ ከንቱ ውዳሴ አይመስለኝም። ያች ሴት ኪራይዋን ማስቀነስ፣ የባሏን ደመወዝ ማስጨመር፣ የፋብሪካውን ጭስ ማጥፋት አትችልም። የእሷ ሥልጣን የሚሠራው በዚያች አንድ ክንድ በማትሞላ ድንጋይ ላይ ነው፤ በዚያችም ላይ ጭሱን በየቀኑ ታሸንፈዋለች። ሳልፎርድ ውስጥ የሱቅ ልጅ ሆኖ ያደገው ሮበርት ሮበርትስ በ1971 ባሳተመው ትዝታው፣ የእነዚያ መንደሮች ነዋሪዎች እርስ በርስ እንዴት በደረጃ ይመዳደቡ እንደነበር በዝርዝር ጽፎታል። ማን ሱሪውን ሰኞ አራጣ ቤት አስይዞ ቅዳሜ እንደሚያወጣ፣ የማን መስኮት መጋረጃ እንዳለው፣ የማን ባል ሰክሮ እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል። በአንድ መንገድ ላይ የሚኖሩ፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩ፣ አንድ ዓይነት ዳቦ የሚበሉ ሰዎች ናቸው። ለባለ ፋብሪካው ሁሉም አንድ ናቸው፤ ለራሳቸው ግን «እኛ» እና «እነዚያ» ነበሩ። ያች ነጭ መሥመር ለቤተ ሰቡ መከበሪያ ስትሆን፣ ለጎረቤቱ መናቂያ ሆነች።

ይህን ክፍፍል መንግሥት አየው፣ ወደደውም። በ1867 የምርጫ መብት ለከተማ ሠራተኛው ሲሰፋ፣ ለሠራተኛው የመምረጥ መብት ለዓመታት የተከራከረው ጆን ብራይት ራሱ ከሥር የቀረውን ክፍል «አተላ» እንደማለት ያለ ስም ሰጥቶ፣ ለነዚያ እንኳ ባይሰጥ ይሻላል አለ። በ1908 የመጀመሪያው የአረጋውያን ጡረታ ሕግ ወጣ፤ ሰባ ዓመት ለሞላው ድኻ በሳምንት አምስት ሽልንግ። ታላቅ ሕግ ነው፤ ብዙ ሽማግሌዎችን ከወርክሐውስ አድኗል። ነገር ግን ሕጉ ዕድሜንና ድህነትን ብቻ አልጠየቀም። ዐቅሙ እያለው ሥራ የመሥራት ልማድ አልነበረውም የተባለ ሰው አያገኝም። ታስሮ የተፈታም ከተፈታ ዐሥር ዓመት ካልሞላው አያገኝም። ሰባ ዓመት የሞላውን ሰው የወጣትነት ስንፍና የሚመረምር ባለሥልጣን ተቀመጠ ማለት ነው። የጎረቤት ሐሜት የነበረው ነገር አንቀጽ ሆነ።

ለሴት ሲሆን ቃሉ ሌላ ፊት ነበረው። ወንድ «ሪስፔክታብል» ነው ሲባል ዕዳ የማይበላ፣ የማይሰክር ማለት ነው። ሴት «ሪስፔክታብል» ናት ሲባል ግን የሚጠየቀው ስለ ገላዋ ነው። ከ1864 ጀምሮ በወደብና በጦር ሰፈር ከተሞች የወጣው የተላላፊ በሽታዎች ሕግ፣ ሲቪል የለበሰ ፖሊስ አንዲትን ሴት ጋለሞታ ናት ብሎ ከጠረጠረ በግድ እንድትመረመር አደረገ። ወታደሮቹ አይመረመሩም። የድኻ ሴት ማታ ብቻዋን ስትሄድ ከታየች ጨዋነቷን የማስረዳቱ ሸክም የራሷ ነው። ጆሴፊን በትለር የተባሉ የቄስ ባለቤት፣ እሳቸው ራሳቸው እጅግ የተከበሩ እመቤት፣ ስማቸው እንደሚጎድፍ እያወቁ በየከተማው ዞረው ሕጉን ተቃወሙ። በ1886 ተሻረ። ስለ ጋለሞቶች በአደባባይ መናገር ለአንዲት እመቤት ነውር በነበረበት ዘመን፣ ክብራቸውን ለሌሎች ሴቶች መያዣ አድርገው የሰጡ ሴት ነበሩ። እኔ ስለዚህ ቃል በጎ ልናገር ሲያሻኝ የማነሣው እሳቸውን ነው።

ውቅያኖሱን እንሻገር። አሜሪካ ውስጥ ቃሉ ከባርነት ነፃ በወጡ ሰዎች እጅ ገባ፤ ታሪኩም እጅግ ከባድ ነው። በደቡብ ክፍለ አገሮች ነጭ ሰው ጥቁር ሴትን፣ የሰባ ዓመት አሮጊት ብትሆን እንኳ፣ «ሚስ» ወይም «ሚስስ» ብሎ አይጠራም ነበር፤ በመጠሪያ ስሟ ብቻ ይጠራት ነበር። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባናል፤ አንድ ጎረምሳ እናታችሁን በሰው ፊት «አንቺ» ሲላት አስቡት። በ1963 አላባማ ውስጥ ጋድስደን በሚባል ከተማ ሜሪ ሃሚልተን የተባሉ የመብት ታጋይ ለምስክርነት ቆሙ። ዐቃቤ ሕጉ «ሜሪ» ብሎ ጠራቸው። «ሚስ ሃሚልተን ካልተባልኩ አልመልስም» አሉ። ዳኛው እንዲመልሱ ቢያዝዛቸውም አልመለሱም። ችሎት በመድፈር አምስት ቀን እስርና ሃምሳ ዶላር ተፈረደባቸው። ነገሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1964 ፍርዱ ተሻረላቸው። አንዲት ሴት አንድ የአክብሮት መጠሪያ ለማስከበር ታሰረች፤ ረታችም።

እንግዲህ ክብር እንዲህ በተነፈገበት አገር ጥቁር የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ለንጽሕና፣ ለቁጠባ፣ ለአለባበስ ያን ያህል መጨነቃቸው አይደንቅም። ናኒ ሄለን ቡሮውስ በ1909 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ለልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዚያችው ከተማ። የትምህርት ቤቱ ምሰሶ ሦስት ነገር ነበር፤ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ገላ መታጠብና መጥረጊያ። ኤቭሊን ብሩክስ ሂጊንቦታም የተባሉ የታሪክ ሊቅ በ1993 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ሁሉ አጥንተው «የሪስፔክታቢሊቲ ፖለቲካ» የሚል ስም አወጡለት። ዛሬ ሰው ይህን ሐረግ አብዛኛውን ጊዜ ለወቀሳ ይጠቀምበታል። እሳቸው ግን ሁለቱንም ጎን አሳይተዋል፤ እነዚያ ሴቶች በዚህ መሣሪያ ለራሳቸውም ለወገናቸውም ክብር ተከራከሩ፣ በዚያው መሣሪያ ደግሞ እንደነሱ መሆን ያልቻለውን ወይም ያልፈለገውን የገዛ ወገናቸውን ተቆጡ።

ሁለተኛው ጎን ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት ወደ አላባማዋ ከተማ ሞንትጎመሪ መሄድ ነው። ስለ ሮዛ ፓርክስ ያልሰማ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። ታኅሣሥ 1 ቀን 1955 በአውቶቡስ ላይ ለነጭ መቀመጫ አልለቅም አሉ። ከእሳቸው ዘጠኝ ወር ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 2 ቀን፣ በዚያችው ከተማ ክሎዴት ኮልቪን የተባለች የ15 ዓመት ተማሪ ይህንኑ አድርጋ በፖሊስ ተጎትታ ታስራለች። የጥቁሮቹ መሪዎች ጉዳይዋን ተመለከቱት፤ ትግሉን በእሷ ስም ማንሣት ግን ፈሩ። ልጅ ናት፣ ከድኻ ሰፈር ናት፣ ቆይታም ሳታገባ አረገዘች። ፓርክስ የ42 ዓመት ባለ ትዳር፣ የልብስ ስፌት ባለሙያ፣ የአንድ የመብት ድርጅት ቅርንጫፍ ጸሐፊ፣ ጠላት እንኳ ነውር የማያወጣላቸው ሴት ነበሩ። መሪዎቹን አልፈርድባቸውም። ተቃራኒያቸው ጋዜጣም ፖሊስም ዳኛም በእጁ ነበር፤ አንዲት ቀዳዳ ቢያገኝ ትግሉን ሁሉ በዚያች ይቀድደው ነበር። ነገር ግን በአውቶቡስ ነጭና ጥቁርን የሚለየውን ሕግ ያፈረሰው ክስ የቀረበው በፓርክስ ስም አይደለም። ከአራቱ ከሳሾች አንዷ ያችው ኮልቪን ነበረች፤ በፍርድ ቤት ቆማ መሰከረች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኅዳር 1956 ለከሳሾቹ የተሰጠውን ፍርድ አጸናው። ስሟ ከወንጀል መዝገብ የተፋቀው በ2021 ነው፤ ስድሳ ስድስት ዓመት ቆይቶ።

ወደ ራሳችን ልመለስ። ለ«ሪስፔክታብል» የሚቀርበው አማርኛችን «ጨዋ» ነው ብዬ አምናለሁ፤ «የተከበረ» አይደለም። የ«ጨዋ» ታሪክም ከእንግሊዝኛው ጋር ይመሳሰላል። በመካከለኛው ዘመን ጨዋ የንጉሥ ጭፍራ ነበር። ኋላ ባሪያ ያልሆነ፣ ከነፃ ቤት የተወለደ ማለት ሆነ። በቤተ ክህነት ቋንቋ ደግሞ ጨዋ ማለት ያልተማረ፣ ካህን ያልሆነ ሰው ነው። ዛሬ ዓይነ አፋር፣ ሥርዓት ያለው፣ አፉን የሚጠብቅ ሰው ማለት ነው። ከደረጃ ተነሥቶ ጠባይ ሆነ። ይሁን እንጂ ደረጃው ሙሉ በሙሉ አልወጣለትም። «የጨዋ ልጅ» ስንል የምንጠይቀው ስለ ልጁ ነው ወይስ ስለ አባቱ? ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው ምንም ያህል ቅን ቢሆኑ ለዘመናት ጨዋ አልተባሉም፤ ዐፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ለዚህ ነው። እንግሊዞች ሰውን በሠረገላ ሲለኩ፣ እኛ በሙያው ለካን።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚከብደኝን ነገር ለመጨረሻ አቆይቻለሁ። በ1975 እና በ1980 መካከል በሰሜን እንግሊዝ ዮርክሻየርና ማንቸስተር ፒተር ሳትክሊፍ የሚባል የጭነት መኪና ነጂ ዐሥራ ሦስት ሴቶችን ገደለ፤ ሌሎች ሰባት ሊገድል ሞከረ። ከመጀመሪያዎቹ ሟቾች አንዳንዶቹ በየመንገዱ ገላቸውን የሚሸጡ ድኾች ነበሩ። ፖሊስ ገዳዩ የሚፈልገው ጋለሞቶችን ብቻ ነው ብሎ ደመደመ። ሰኔ 1977 ላይ አንዲት የ16 ዓመት የሱቅ ሠራተኛ ስትገደል ጋዜጣው ሁሉ «ንጹሕ» ሴት ተገደለች ብሎ ተነሣ። ከእሷ በፊት የሞቱት ታዲያ ምን ነበሩ? እነሱም የልጆች እናቶች ነበሩ።

ይህ ንግግር ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ምርመራውን አሳወረው። በ1975 ነሐሴ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ በገጠር መንገድ በመዶሻ ተመትታ ከሞት ተርፋ፣ የመታትን ሰው መልክ ለፖሊስ አጥርታ ተናግራ ነበር። ጋለሞታ ስላልሆነች ፖሊስ ጉዳይዋን ከዚያ ገዳይ ጋር አላያያዘውም። ሳትክሊፍን ፖሊስ ዘጠኝ ጊዜ ቀርቦ አነጋግሮት ለቆታል። እስኪያዝ ድረስ በዚያ መካከል ስንት ሴት እንደሞተች አስቡት። ሴቶችን ለሁለት የከፈለው ቃል መርማሪዎቹንም ጋረዳቸው፤ ከመሥመሩ ወዲህም ወዲያም ያሉት ሴቶች ሞቱ።

በ1981 ግንቦት ለንደን በሚገኘው ኦልድ ቤይሊ ችሎት የእንግሊዝ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሰር ማይክል ሄቨርስ የክሱን መክፈቻ ሲያሰሙ፣ ከሟቾቹ አንዳንዶቹ ጋለሞቶች መሆናቸውን ገልጸው፣ የነገሩ እጅግ አሳዛኝ ክፍል ግን አንዳንዶቹ እንዲያ አለመሆናቸው ነው አሉ። የመጨረሻዎቹ ስድስት ጥቃቶች የደረሱት ፍጹም «ሪስፔክታብል» በሆኑ ሴቶች ላይ ነው ሲሉም አከሉ። ይህን የተናገሩት ተከሳሹን ለማስቀጣት የቆሙ፣ የሟቾች ጠበቃ የሆኑ ሰው ናቸው። ክፉ አስበው ተናገሩ አልልም፤ ቃሉ ራሱ ሰጥቷቸው ነው። የአገሪቱ ሕግ ለአንዲቱ እናት ነፍስ ከሌላይቱ ያነሰ እንባ እንደመደበ በአደባባይ ሲነገር፣ ሴቶች ተቃውሞ ይዘው ከፍርድ ቤቱ ደጅ ቆሙ። የዌስት ዮርክሻየር ፖሊስ ያን ጊዜ ለተጠቀመበት አነጋገር የሟቾቹን ቤተ ሰቦች ይቅርታ የጠየቀው በኅዳር 2020፣ ገዳዩ በሞተ ሰሞን ነው።

እኛም እንዲህ እንላለን። አንዲት ሴት በባሏ ወይም በማታውቀው ሰው ስትገደል፣ ለቅሶ ቤቱም ዜናውም የሚያስቀድመው «ኧረ እሷ ጨዋ ነበረች» የሚለውን ነው። የምንናገረው አዝነን ነው፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ያን ስንል፣ ጨዋ ያልተባለችው ብትገደል ምን ልንል እንደተዘጋጀን እየተናገርን ነው። ጨዋነት መልካም ነገር ነው፤ ልጆቻችንን እናስተምርበት፣ ራሳችንን እንመዝንበት። ሰው ፍትሕ ለማግኘት የሚያቀርበው መታወቂያ ግን አይደለም።

ስለዚህ በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ጋዜጠኞች፣ ተርጓሚዎች፣ የሕግ ባለሙያዎች፣ ይህን አደራ ተቀበሉኝ። «ሪስፔክታብል» የሚለውን ቃል ስትተረጉሙ «የተከበረ» ብላችሁ አትለፉት፤ በዚያ ቦታ ማን ማንን እያየ እንደሆነ ጠይቃችሁ ተርጉሙት። የተገደለች ሴት ዜና ስትጽፉ ደግሞ ስለ ጨዋነቷ ምስክር አትፈልጉ። ስሟን ጻፉ፣ የሞተችበትን ቀንና ቦታ ጻፉ፣ የተጠረጠረው ሰው ተይዞ እንደሆነና ችሎቱ መቼ እንደሆነ ጻፉ፤ ፍርዱ እስኪሰጥም ተከታትላችሁ ጻፉ።